ከሲራራ እስከ ተሳቢ፦ የኢትዮጵያ የጭነት ሥራ ታሪክ በቃላቱ ሲታይ

«ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን ስላዘገየው ተሳቢው ኬላ ላይ አደረ፤ ኮንቴነሩም ዲመሬጅ መቁጠር ጀመረ።» በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሹፌር እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቃላቱ ግን የአንድ ዘመን ልጆች አይደሉም። ኬላ ጭነት በበቅሎ ጀርባ ይጓዝ ከነበረበት ጊዜ የተረፈ ነው፤ ዲክላራሲዮን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ተሳቢን አማርኛው ራሱ «ሳበ» ከሚለው ግስ አበጅቶታል፤ ኮንቴነርና ዲመሬጅ ደግሞ ከመርከብ የወረዱ የቅርብ እንግዶች ናቸው። የኢትዮጵያ የጭነት ማመላለስ ሥራ ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈለት ሰው ጥቂት ነው፤ በሠራተኛው አፍ የቀረው ቃል ግን ብዙውን ይናገራል። ቃላቱን በየዘመናቸው ለይቶ ላያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ለመሣሪያው ስም ያወጣለት ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ያመጣው አገር ነው፤ የመጫን፣ የማውረድ፣ ተራ የመጠበቅና የመክፈል ስም ግን በአብዛኛው ከጥንቱ ነጋዴ የተወረሰ ነው።

በደጋው ምድር ጎማ ከመታወቁ በፊት ጭነት የሚሄደው በጀርባ ነበር። በቆላ ግመል፣ በደጋ በቅሎና አህያ፣ አንዳንዴም ፈረስ ይጫናል። ለጭነት ብቻ የሚውለው እንስሳ አጋሰስ ይባላል። ከገበያ ገበያ፣ ከአውራጃ አውራጃ ወራት እየፈጀ የሚዞረው የሩቅ አገር ነጋዴ ሲራራ ነጋዴ ሲሆን፣ ለደኅንነቱ ሲል ከሌሎች ጋር ተሰባስቦ የሚጓዝበት ጉዞ ቅፍለት ነበር። ትልቁ የሰሜን መስመር ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በጎንደር አልፎ ጎጃም ውስጥ ወደ ባሶ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጊቤ አገሮች፣ ወደ እናርያና ወደ ጅማ ይቀጥላል። የምሥራቁ መስመር ከዘይላና ከታጁራ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ፣ አንኮበር ሥር ወዳለው አልዩ አምባ ገበያ ይመጣል። በምዕራብ በኩል መተማ የሱዳን በር ነበረች። በእነዚህ መንገዶች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ዶቃና ጠመንጃ ይገባል። ባሪያም በዚሁ መንገድ እንደ ዕቃ ተነድቷል፤ የሲራራውን ታሪክ በናፍቆት ብቻ የሚተርኩ ሰዎች ይህን ቶሎ ይዘልሉታል።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል። ዐባይና ተከዜ ሲሞሉ የሚያሻግር ድልድይ በብዙው ቦታ ስላልነበረ ነጋዴው እስከ መስከረም ይጠብቃል። በበጋም ቢሆን ከብቱ ሳይዝል ለመድረስ ጧት ተጭኖ ከቀትር በኋላ ይሰፈራል። ግጦሽና ውኃ ያለበት ማደሪያ ሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። የዛሬው ጭነት የሚለው ቃል የተወለደው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ግሱ ሁለት አገልግሎት ነበረው፦ ለጌታው መቀመጫ በቅሎ ላይ ኮርቻ የሚያደርግም «ጫነ» ይባላል፣ አጋሰስ ላይ ስልቻ የሚያስርም «ጫነ» ይባላል። ጭነት ደግሞ ራሱ መለኪያ ነበር፤ የአህያ ጭነት፣ የበቅሎ ጭነት፣ የግመል ጭነት ሲባል ሰሚው መጠኑን ያውቀዋል። ዛሬ «አንድ መኪና አሸዋ» የሚል ሰው በዚያው ልማድ እየቆጠረ ነው።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ዕድሜ ያገኘው ፈረሱላ ነው። እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ዓይነት ከፍ ዝቅ ቢልም 17 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቡናና የዝሆን ጥርስ በእሱ ይመዘኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኮምፒውተር እያገበያየ የቡናን ዋጋ እስካሁን በፈረሱላ ይጠራል። ከዳሎል ቆላ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። አሞሌ ጭነትም ገንዘብም ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ነጋዴ ማርያ ቴሬዛ ብሩን ወደ አሞሌ የሚመነዝረውም ለዚህ ነው። የወረቀትና የሳንቲም ገንዘብ ሲለመድ አሞሌ ከመገበያያነት ወጣ።

በየመንገዱ መተላለፊያ ላይ ኬላ አለ። ኬላ ነጋዴው ጭነቱን አሳይቶ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዞሮ ማለፍ በማይቻልበት ቦታ፣ በወንዝ መሻገሪያ ወይም በገደል አፋፍ ይቆማል። የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነጋድራስ ይባላል። ሹመቱ ትልቅ ነበር፤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ለነጋድራስ ኃይለጊዮርጊስ ነው የተሰጠው። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ገብረሕይወት ባይከዳኝም ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ገብረሕይወት በጽሑፎቹ የአገሪቱን የቀረጥ አሰባሰብ አጥብቆ የነቀፈው ሥራውን ከውስጥ ስለሚያውቀው ነበር። ዕቃ በየጠቅላይ ግዛቱ በር እየተቀረጠ ሲሄድ ሸማቹ ዘንድ የሚደርሰው በብዙ እጥፍ ተወድዶ ነው።

ሹመቱ ቀረ፣ ቃሉ ግን ከነሥራው ቆየ። ዛሬም የጉምሩክ መቆጣጠሪያው ኬላ ነው፤ በየከተማው መግቢያ ገመድ የሚዘረጋውም ኬላ ነው። በየቦታው ባለመኪናዎች የሚያማርሩበት «የኮቴ» የሚባል ክፍያም አለ። ጎማ ኮቴ የለውም፤ ክፍያው ግን ስሙን ያገኘው ከብት ሲያልፍ ከሚከፈለው ነው። ደላላና ጉምሩክም በዐረብኛና በቱርክኛ በኩል በዚሁ የቀይ ባሕር ንግድ የገቡ አሮጌ ቃላት ናቸው። ደላላ ያኔ ገዢና ሻጭን ያገናኝ ነበር፤ በኋላ ጭነትና ባለመኪናን ማገናኘት ያዘ፤ ያማረረው ሰውም የተጠቀመበት ሰውም ያው ነው።

የእንፋሎት ኃይል ወደ አገሩ ሲገባ ስሙን ይዞ የመጣው ባቡር ነው። ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች ለእንፋሎት የሚባለው ሲሆን በዐረቦችና በቱርኮች በኩል ዞሮ አማርኛ ደርሷል። በመጀመሪያ የሐዲዱ ተሽከርካሪ ብቻ ስም አልነበረም። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያስመጣው የመንገድ መደልደያ ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ የእህል ወፍጮም እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ባቡር ነው። ስለዚህ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት «የምድር ባቡር» ማለት ግድ ሆነ።

ምኒልክ የባቡሩን ውል ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ወደ ሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣት ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በሜዳው አለፈ፤ ማቆሚያው ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ወደቀ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በቅፍለት ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደሩ በሦስት ቀን የሚያልቅ ሆነ።

ባቡሩ የራሱን ቋንቋ ተከለ። ኩባንያው በድሬዳዋ ሰው አፍ ሸመንደፈር ሆነ፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር የሚለውን ስም ለሰፈሩ ሁሉ አወረሰ፤ ጭነት የሚታጨቅበት ክፍል ፉርጎ ተባለ። እነዚህ ሁሉ ፈረንሳይኛ ናቸው። ሐዲዱ ግን ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው ብረት ነው፤ ምናልባትም የመስመሩን ሠራተኞች ስብጥር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቃል አይገኝም። ፈረንሳይኛው የጽሕፈት ቤትና የጉምሩክ ቋንቋም ስለነበረ ዲክላራሲዮን በዚያው ቀረ። በብዙዎች ዘንድ እንደሚታሰበው ባቡሩ ቅፍለቱን ወዲያው አልገደለውም። ለገሃር የወረደ ጨርቅና ጨው ወደ ጅማ፣ ወደ ወለጋና ወደ ጎጃም የሚሄደው በበቅሎ ነበር፤ ቡናውም በበቅሎ መጥቶ ፉርጎ ይሞላል። ጣቢያው ለአጋሰሱ ሥራ ጨመረለት እንጂ አልቀማውም።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ መኪናቸውን ለምኒልክ ለማሳየት እየተሽቀዳደሙ መጡ፤ ቤንትሊ ቀደመ። መኪናው ጌጥ ነበር። ለጭነት እንዳይውል የሚከለክለው ዋጋው ብቻ አልነበረም፤ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከዋና ከተማው ወደ ደሴና ወደ ጅማ መንገድ መጠረግ ቢጀምርም በሰፊው ጭነት በመኪና የተጓጓዘው በጦርነት ጊዜ ነው።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ሲዘምት ጦሩን የመገበው በጭነት መኪና ነበር። ፊያት 634ንና ላንቺያ ሮን የመሰሉ ናፍጣ ጠጪዎች ከምጽዋ ወደብ ወደ ደጋው ይጎርፉ ጀመር። መንገዱ ስላልበቃ ምጽዋንና አስመራን የሚያገናኝ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአየር ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ በጊዜው በዓለም ከሁሉ የሚረዝመው ነበር። በ1936 የጸደይ ወራት የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር፤ ጣርማበር ላይ ግን ጭቃውና የፈረሰው መንገድ ያዘው። ከዚያ በኋላ በዚያው ተራራ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተበሳ፤ ሕዝቡ ዛሬም የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ የአላማጣ አቀበት፣ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የተሠሩት ለወረራ ነው፤ በጉልበቱ የገነባቸው ሠራተኛ ደግሞ የአገሩም ሰው ነበር።

የአምስት ዓመቱ ወረራ ለአማርኛ የተወው የጋራዥ ቃል ከየትኛውም የሰላም ዘመን ይበልጣል። መኪና ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ በአማርኛ ሰፋ ብሎ የልብስ ስፌቱም የጽሕፈቱም መሣሪያ መኪና ተብሏል። ጎማ፣ ጎማውን የሚለብሰው ቸርኬ፣ ጎማውን የሚጠግነው ጎሚስታ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፤ የሞተሩ መክደኛ ኮፈን፣ ከሥሩ የሞተሩ ራስ ቴስታታ፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ጭሱን የሚያስወጣው ማርሚታ፤ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታ፤ ሲፈታ የሚያዘው ካቻቢቴና ፒንሳ። አንድ አሮጌ መካኒክ ሥራውን ሲያስረዳ ግሱ አማርኛ፣ ስሙ ጣሊያንኛ ነው፦ «ጓርኒሲዮኑን ቀይረህ ቴስታታውን እሰር።» ወረቀቱም አልቀረም። የሰሌዳው ታርጋ፣ የባለቤትነቱ ሊብሬ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ከዚያው ሠፈር ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ግን የፈረንሳይኛ መልክ ይዘው ቆሙ።

ይህ ሁሉ ቃል የተተከለው በአዋጅና በትምህርት ቤት አልነበረም። በ1941 ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ብዙ ጣሊያናውያን በአስመራም በአዲስ አበባም ጋራዥ ይዘው ቀሩ። ልጁ ጋራዥ የሚገባው ዕቃ አቀባይ ሆኖ ነው፤ ጌታው «ካቻቢቴ» ሲል ካላቀበለ ሥራ የለውም። ከዓመታት በኋላ እሱም ጌታ ሆኖ ያንኑ ቃል ለሌላ ልጅ ይጮኻል። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃሉም አብሮ ተላለፈ፤ ጣሊያንኛ የማይችሉ ሦስት ትውልዶች በጣሊያንኛ ሞተር ሲፈቱ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት የከባድ መኪና ወርቃማ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ ብድር አገኘ፤ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የጣሊያን መንገዶች ተጠገኑ፣ አዳዲስም ተጨመሩ። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አሰብና ምጽዋ በእጅ ገቡ። አሰብ ለሸዋና ለወሎ ቅርብ ስለሆነች የገቢ ዕቃው ዋና በር ሆነች፤ በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈትባት ደግሞ የናፍጣ ጫኙ መኪና ብዛት ጨመረ። ነዳጅ ጫኙ ቦቴ ነው፤ ጣሊያኖች በርሜልን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ። አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፈውን ግን አማርኛው ገልባጭ ብሎ ራሱ ሰየመው፤ ከዋናው መኪና ኋላ የሚጎተተውን ተሳቢ አለው። ገልባጭም ተሳቢም ሥራውን አይቶ ለሚሰማ ሰው ማብራሪያ አያሻቸውም፤ ከውጭ ከመጡት ከብዙዎቹ ይሻላሉ።

በዚያ ዘመን መንገዱን የገዛው በ1950ዎቹ መመረት የጀመረው ፊያት 682 ነበር። የሞዴሉ መለያ ኤን ሦስት በጣሊያንኛ ሲነበብ ኤንትሬ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤንትሬ የአንድ ሞዴል መለያነቱ ቀርቶ የከባድ ጭነት መኪና ሁሉ መጠሪያ ለመሆን ተቃረበ። ሹፌሩ የተከበረ ሰው ነበር፤ ከተማ ያያል፣ ጋዜጣና ወሬ ያመጣል፣ ደብዳቤ ያደርሳል። አጠገቡ ረዳቱ አለ። ረዳት ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነው፦ ሸራ ያለብሳል፣ ገመድ ያጠብቃል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። አቀበት ላይ ፍሬን ሲከዳ ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ያወጣው ዓመታት ረዳት ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው፤ በጋራዡ የታየው የጌታና የልጅ ሥርዓት መንገዱ ላይም ነበር።

ጭነቱን መቁጠሪያው ኩንታል ሆነ። መቶ ኪሎ የሚመዝነው ይህ መለኪያ በዐረብኛ አልፎ አውሮፓን ዞሮ የመጣ ነው። መኪና የሚታወቀው በፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን በኩንታሉ ነው፤ ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን፣ 50 ኩንታል የሚጭን እየተባለ። በሕግና በውል ላይ ቶን ቢጻፍም የጭነት ዋጋ የሚደራደሩ ሰዎች በኩንታል ነው የሚነጋገሩት፤ ምክንያቱም እህሉ፣ ሲሚንቶውና ማዳበሪያው በጆንያ የሚመጣ ነው፣ ጫኝና አውራጁም ሒሳቡን የሚያስበው በጆንያ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደርግ የጭነት ሥራውን በዕዝ አስገባው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ተወረሱ፤ የግል ባለመኪናዎች ግን መኪናቸው ሳይወሰድ ቀጠና በሚባል ማኅበር እንዲደራጁ ታዘዙ። ዋጋውን መንግሥት ይወስናል፣ ጭነቱን መንግሥት ያድላል፣ ባለመኪናው ተራውን ይጠብቃል። ደላላው ከመድረክ ወረደ፤ ተራ የሚለው ቃል ነገሠ። ሥርዓቱ ጭነት ለማንም እኩል እንዲደርስ ያለመ ነበር፤ ነገር ግን ቶሎ የሚመላለስና የሚያዘግም ባለመኪና እኩል ስለሚያገኙ አሮጌ መኪና የሚጠግን፣ አዲስ የሚገዛ ጠፋ። ጦርነቱ ደግሞ ኮንቮይን ጨመረ። በሰሜኑ መንገድ ብቻውን የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ በወታደር ታጅቦ በሰልፍ ነው። የእርዳታ ጭነትም ከጥቃት አልዳነም፤ በጥቅምት 1987 ወደ ትግራይ የእርዳታ እህል ጭነው ይጓዙ ከነበሩ መኪናዎች ከ20 በላይ የሚሆኑት በሻዕቢያ ጥቃት ተቃጥለዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በረሃቡ ጊዜ፣ በወደብ የተከማቸውን እህል የሚያነሣ መኪና ስላልበቃ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የራሱን የጭነት መኪና ሥምሪት በኢትዮጵያ ለማቋቋም ተገድዶ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ገበያው ተለቀቀ። ቀጠና ፈረሰ፤ በምትኩ ባለንብረቶች ማኅበራት መሠረቱ፤ ደላላውም ተመለሰ። እውነተኛው ለውጥ ግን የመጣው በግንቦት 1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ነው። አሰብ በአንድ ጊዜ ተዘጋች፤ ለአሥርት ዓመታት የአሰብን መንገድ በቃሉ የሚያውቅ ሹፌር መኪናውን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከዚያ ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ጋላፊ የሚሉት የአፋር በረሃ ስሞች የመላው አገር ዋጋ የሚወሰንባቸው ቦታዎች ሆኑ። ጋላፊ ላይ የቆሙ ተሳቢዎች ሰልፍ ሲረዝም አዲስ አበባ ላይ ዘይትና ስኳር ይወደዳል።

ይህ ዘመን የእንግሊዝኛው ነው፤ ምክንያቱም ከባሕር የሚመጣው ብዙው ጭነት አሁን በጆንያ ሳይሆን በኮንቴነር ይመጣል፣ ኮንቴነሩም የመርከብ ኩባንያ ንብረት ነው። ዕቃው ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ወደብ ላይ ከቆየ፣ ወይም ባዶው ኮንቴነር ካልተመለሰ፣ በየቀኑ በውጭ ምንዛሪ የሚቆጠር ቅጣት አለ፤ ነጋዴው ሁሉንም ዲመሬጅ ይለዋል። መርከብ የጫነውን የሚያረጋግጠው ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ባንክ የሚከፍተው ኤል ሲ፣ የባንክ ምንዛሪ ሳይጠየቅበት የሚገባው የፍራንኮ ቫሉታ ዕቃ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ትራንዚተር እነዚህን ወረቀቶች በጉምሩክ በኩል የሚያሳልፍ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ድሮ ነጋዴው ኬላው ላይ ከነጋድራሱ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ይከራከር ነበር፤ አሁን የሚከራከርለት ሰው ይቀጥራል።

መንግሥት ወደብ አልባነቱ ያመጣውን ወጪ ለመቀነስ ደረቅ ወደብ የሚባለውን ከፈተ፤ ሞጆና ሰመራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራ ጀመሩ። ቀጥሎ የባሕር ትራንዚቱ፣ የመርከቡና የደረቅ ወደቡ ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተመሠረተ። በመልቲ ሞዳል አሠራር ዕቃው ከውጭ ወደብ እስከ ሞጆ በአንድ ውልና በአንድ ኃላፊ ይመጣል፤ በዩኒ ሞዳል ግን አስመጪው ጅቡቲ ላይ ራሱ ተረክቦ፣ ራሱ ትራንዚተርና መኪና ፈልጎ ያስገባል። ልዩነቱ በኪስ ይታያል፤ የመጀመሪያው ጣጣው ያነሰ፣ ሁለተኛው ምርጫው የሰፋ ነው። ሎጂስቲክስ የሚለው ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ቃሉ ትልቅ ቢመስልም ከጫኝ እስከ መጋዘን ያለውን ሰንሰለት በአንድ ላይ ማየት ማለት ነው፤ ሲራራው ነጋዴ ስም ሳያወጣለት ይሠራው የነበረ ነው።

የመንገድ ሰው ግን በመሥሪያ ቤት ቃል ብቻ አይኖርም። ጫትና አትክልት ይዞ የሚከንፈው አይሱዙ አልቃይዳ ተባለ። ከቻይና የመጣው ሲኖትራክ አደጋው ሲበዛ ቀይ ሽብር የሚል ስም ወጣለት። ሁለቱም ቅጽል ስሞች የሚያስቁም መራራም ናቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት በገጽ የማይገልጸውን እግረኛው በአንድ ቃል ጨርሶታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ሐዲድ ኮንቴነር ያመላልሳል። ተሳቢውን ከመንገድ ያስወጣል የሚል ተስፋና ስጋት ነበር፤ ግን ፊተኛው ባቡር አጋሰስ እንደፈለገ ሁሉ ይህም ከጣቢያ ወደ መጋዘን የሚያደርስለት መኪና ይፈልጋል።

ቃላት የመዋሱ ሥራ በውጭ አገር ባሉት ዘንድም አልቆመም። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ የሚያወሩት ስለ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)፣ ስለ ሎድ (ጭነት)፣ ስለ ዲስፓቸር (ሥምሪት ሰጪ) እና ስለ ብሮከር ነው። ብሮከሩ ደላላ ነው፤ ግን በፈቃድ የሚሠራ፣ ጭነቱን በስልክና በኮምፒውተር የሚያገናኝ ደላላ። በዚያ አገር አንድ ሹፌር አሥር ሰዓት ካረፈ በኋላ በአሥራ አራት ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ሰዓቱን የሚመዘግበው መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። በአፋር በረሃ ሌሊትና ቀን ያሽከረከረ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ይገርመዋል፣ ኋላ ይለምደዋል።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ መለያየት እየመጣ ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎች መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ክላችና ጊር ቦክስ ብሎ ይማራል፤ ተመርቆ ጋራዥ ሲገባ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ይሉታል፣ ዕቃውን እንደ ገና ይማራል። አሮጌዎቹ መካኒኮች እየተቀነሱ በሄዱ ቁጥር ጓርኒሲዮንና ባሌስትራን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የጥንቱን ግእዝ ቃል በትጋት ሲሰበስቡ የጋራዡንና የመናኸሪያውን ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ባዕድ ትተውታል። ሰብሳቢ ካለ ጊዜው አሁን ነው፤ ቃሉን በአፋቸው የያዙት ሰዎች ገና በሕይወት አሉና ሄዶ መጠየቅ ይበቃል።